ቆዳው ጠራ፣ ውሃውስ?

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም

 

ባለፈው ሳምንት ከተከታዮቻችን አንዱ በውስጥ መስመር ጥያቄ ላከልኝ። ፈቃዱን ጠይቄ፣ ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ አውጥቼ ነው የማካፍላችሁ። ወንድማችን የሚሠራው ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ቆሻሻ ውሃው ከሚጠራቀምበት ገንዳ አጠገብ ይውላል፤ ፓምፕ ያስነሳል፣ መዝገብ ይሞላል። ማጣሪያ አለ። ግን ኬሚካሉ ውድ ነው፣ መብራት ይጠፋል፣ ገንዳውም ቶሎ ይሞላል። እና ዝናብ ሲጥል፣ በተለይ ማታ፣ አለቃው ይደውልና «ክፈተው» ይለዋል። ወንዙ በጎርፍ ስለሚደፈርስ ማን ያውቃል? ጥያቄው አጭር ነበር፦ «ኡስታዝ፣ ደሞዜ ሐላል ነው?»

ሁለት ቀን መልስ አልሰጠሁትም። አንደኛ፣ እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ሸይኾችን መጠየቅ ነበረብኝ። ሁለተኛው ምክንያት ግን የራሴ ነው፣ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቆዳው። የሻፊዒይ ፊቅህ የጀመራችሁ ሁሉ የአቡ ሹጃዕን ኪታብ ታውቁታላችሁ። ኪታቡ የሚከፈተው በውሃ ነው፤ ለጦሃራ የሚሆኑት ውሃዎች የትኞቹ እንደሆኑ። ከዚያ ወዲያው የሚከተለው ምንድን ነው? ቆዳ! የበክት ቆዳ በማልፋት እንደሚጠራ። ልጅ ሆኜ ስቀራ ሁለቱ ለምን ጎን ለጎን እንደተቀመጡ አይገባኝም ነበር።

የቆዳው ነገር መነሻ ሐዲስ አለው። አቡ ዳውድና ነሳኢይ ከእናታችን ከመይሙና (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ሰዎች የሞተች በግ እየጎተቱ በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አጠገብ ሲያልፉ፣ ቆዳዋን ቢወስዱት መልካም እንደነበር ነገሯቸው። «በክት እኮ ናት» ሲሏቸው፣ ውሃና ቀረዝ እንደሚያጠሯት መለሱላቸው። ቀረዝ ምንድን ነው? ከግራር ወገን የሆነ ዛፍ ቅጠልና ፍሬ ነው። ዐረቦች በእሱ ነበር ቆዳ የሚያለፉት። በውስጡ ታኒን የሚባል ነገር አለ። ሻይ በጣም ሲጠቁርባችሁ ምላሳችሁን የሚይዘው፣ አፋችሁን የሚያደርቀው እሱ ነው። ቆዳውን ጨብጦ እንዳይበሰብስ የሚያደርገውም እሱ ነው።

የሰው ልጅ ለሺህ ዓመታት በዚሁ ኖረ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1884 አውግስጦስ ሹልትዝ የሚባል ሰው አሜሪካ ውስጥ ቆዳን በክሮም ጨው የማልፋት ዘዴ ፈቃድ አወጣበት። በቅጠልና በልጥ ሳምንታትና ወራት የሚፈጀው ሥራ በክሮም በሰዓታት ያልቃል። ቆዳው ከበርሜሉ ሰማያዊ ሆኖ ስለሚወጣ እስከ ዛሬ በእኛም አገር ፋብሪካዎች «ዌት ብሉ» ነው የሚባለው። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚመረተው ቆዳ አብዛኛው በዚህ መንገድ የለፋ ነው። የለበስከው ጫማም፣ የያዝሽው ቦርሳም ምናልባት ከዚያ ነው።

ችግሩ ቆዳው የተጨመረለትን ክሮም ሁሉ አይወስድም። በተለመደው አሠራር ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፣ የቀረው ከውሃው ጋር ይወጣል። ውሃው ደግሞ ትንሽ አይደለም፤ አንድ ቶን ጥሬ ቆዳ ለማልፋት ከ30 እስከ 40 ሜትር ኩብ ውሃ ይሄዳል። ክሮሙ ብቻውን አይወጣም፤ ጨው፣ ስብ፣ የተፋቀ ፀጉር፣ ያ የታወቀው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያለው ሰልፋይድ አብረውት አሉ። ሞጆ በኩል ያለፈ ሰው መስኮት የዘጋበትን ቦታ ያስታውሰዋል።

የሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። የአዲስ አበባን ጉድ ሁሉ የሚሸከመው አቃቂም ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። አዋሽን ደግሞ ስሙኝ፤ ይህ ወንዝ ባሕር አይደርስም። እንደ ዓባይ አገር አቋርጦ አይወጣም። ከ1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ በኋላ እዚሁ፣ አፋር ምድር ላይ፣ ጅቡቲ ድንበር ካለው አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ላይ የተጨመረበት ነገር መውጫ የለውም። ታች ከብቷን የምታጠጣው፣ ውዱእ የምታደርገው፣ ለልጇ የምትቀዳው እናት እህታችን ናት።

አሁን «ይሄ ውሃ ነጅሷል ወይ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ክሮም በፊቅህ ነጃሳ አይደለም። ግን ነጃሳ አለመሆን ጎጂ አለመሆን አይደለም፤ መርዝም ሁሉ ነጃሳ አይደለም፣ መጠጣቱ ግን ሐራም ነው። ፊቅህ ስለ ውሃ ሲያስተምረን ቀለሙን፣ ጣዕሙንና ሽታውን እንድናይ ነግሮናል። ክሮም በትንሹ ሲቀላቀል ሦስቱንም ሳይቀይር ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የፈቀደው ጣሪያ በሊትር 0.05 ሚሊግራም ነው። ዓይን ይህን አያይም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን በረጋ ውሃ ውስጥ መሽናትን ከልክለዋል፤ ሰዎች ውሃ የሚቀዱበት ቦታ ላይ መጸዳዳት እርግማን ከሚያመጡ ነገሮች አንዱ እንደሆነ አስጠንቅቀዋል። የአንድ ሰው ሽንት ይህን ያህል ካስጠነቀቀ፣ የአንድ ፋብሪካ ገንዳ ምን ይባላል? ዑለሞች ቂያስ የሚሉት ለእንደዚህ ዓይነቱ ነው።

እሺ፣ ወደ ራሴ ታሪክ።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። ቀን ላብራቶሪ፣ ከመግሪብ በኋላ ኪታብ። የመመረቂያ ሥራዬ ከዕፅዋት ናኖ ቅንጣት ሠርቶ የፋብሪካ ውሃ ማጽዳት ነበር። ቃሉ ያስፈራል፣ ነገሩ ግን ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትርን ሚሊዮን ቦታ ብትከፍሉት አንዱ ናኖ ሜትር ይባላል፤ የፀጉራችሁ ውፍረት 80,000 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። ናኖ ቅንጣት ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር የሆነ ብናኝ ነው። ማነሱ ምን ይጠቅማል? እናቶቻችን ያውቁታል። ግንድ ቶሎ አይነድም፣ ፍልጡ ይሻላል፣ ሰጋቱራ ደግሞ ብልጭ ይላል። እንጨቱ ያው እንጨት ነው፤ የተለየው ለእሳቱ የተጋለጠው ገላ ነው። ብረትም እንዲሁ ነው። ሲደቅ ከመርዙ ጋር የሚገናኝበት ገላ ይበዛል።

እነዚህን ቅንጣቶች መሥራት የተለመደው እንደ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ባሉ ኬሚካሎች ነው። ውድ ነው፣ መርዛማ ነው፣ የሚቀጣጠል ጋዝም ያወጣል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ ቅጠል ዞሩ። ሻይ ቅጠል፣ ባሕር ዛፍ፣ ሽፈራው፣ ሌላም ብዙ ነገር ተሞክሯል። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች ለብረቱ ኤሌክትሮን ይሰጡታል፣ ቅንጣት ሆኖ እንዲወጣ ያደርጉታል፣ ከዚያም ዙሪያውን ሸፍነው እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ይጠብቁታል። ታኒን ከነዚህ ፖሊፌኖሎች አንዱ ነው። አያችሁ? ቀረዝ ቆዳውን ያለፋበት ያው ነገር፣ ዛሬ ዘመናዊው ቆዳ ያበላሸውን ውሃ ለማጽዳት ተጠራ። ይህን ያወቅኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር።

እኔ የመረጥኩት ሲድርን ነው፤ በአማርኛ ቁርቁራ የምንለውን። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የልጃቸውን ጀናዛ ለሚያጥቡት ሴቶች በውሃና በሲድር እንዲያጥቧት ያዘዙበትን የኡሙ ዐጢያን ሐዲስ አስቤ ነበር። ቅጠሉን አደረቅኩ፣ አፈላሁ፣ አጠለልኩ። በብርጭቆ ወደያዝኩት ቢጫ የብረት ክሎራይድ ውሃ ጠብታ ሳደርግበት ዓይን እስኪጨፈን ጠቆረ። እንደ ቀለም! በነገራችን ላይ፣ የድሮ ሙስሊም ጸሐፊዎች «ሒብር» የሚሉት ቀለም ከዚሁ ነው የሚሠራው፤ ታኒን የሞላው ዐፍስና ከብረት የሆነው ዛጅ ሲገናኙ ይጠቁራሉ። ስንት ኪታብ የተጻፈው በዚሁ ኬሚስትሪ ነው። (መቅጠሪያ ቤት ለውሕ ላይ የምንጽፍበት የጥላሸት ቀለም ግን ሌላ ነው፣ እንዳታምታቱት።) እንዲያውም በዚህ መንገድ የሚወጣው ጥቁር ነገር ንጹሕ ብረት ነው ወይስ የብረትና የፖሊፌኖል ድብልቅ የሚለው በኬሚስቶች ዘንድ እስካሁን ያከራክራል።

ከዚያ ክሮም ያለበት ቢጫ ውሃ አዘጋጅቼ ጨመርኩበት። ክሮም ሁለት ዋና መልክ አለው፦ ስድስተኛውና ሦስተኛው። ስድስተኛው በውሃ በቀላሉ ይሟሟል፣ ካንሰር አምጪ ነው፤ ሦስተኛው ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው፣ በኖራም ይዘቅጣል። የእኔ ቅንጣት ስድስተኛውን ወደ ሦስተኛው ይቀይረዋል። ቢጫው ደበዘዘ፣ ጠፋ። ጓደኞቼ አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሳን።

አማካሪዬ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «በእውነተኛው ውሃ ሞክረኸዋል?» ጄሪካን ይዤ ሄጄ ከፋብሪካ መውጫ ቀዳሁ። አልሠራም ማለት ይቻላል። ቅንጣቶቹ ከጨውና ከስብ ጋር ተጓጉለው ወደቁ። ደግሞ ሌላ ያላሰብኩት ነገር ነበር። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮም አብዛኛው ከመጀመሪያውም ሦስተኛው ነው! ስድስተኛው በብዛት ያለው ብረት የሚለብጡ ፋብሪካዎች ዘንድ ነው። እኔ በተጣራ ውሃ ውስጥ የራሴን መርዝ ሠርቼ፣ የራሴን መርዝ አጥፍቼ፣ ተጨብጭቦልኛል።

ምን አደረግኩ? ጽሑፌ ውስጥ የሚያምሩትን ፎቶዎች ፊት ላይ አስቀመጥኩ፤ የጄሪካኑን ውጤት መጨረሻ አካባቢ በአንድ መስመር አሳለፍኩት። ውሸት አልጻፍኩም። ግን አንባቢው እንዳያየው አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ አላህም ያውቀዋል።

ያን ቀን ማታ ኪታብ ስቀራ ሸይኻችን «ዛሬ ምን ሠራህ?» አሉኝ። በኩራት ነገርኳቸው፤ ቅጠሉን፣ ቀለሙን፣ ውሃው እንዴት እንደጠራ። እርሳቸው ኬሚስትሪ አልተማሩም። ዝም ብለው ሰሙኝና «የተረፈውስ ውሃ የት ገባ?» አሉኝ።

ሲንክ ውስጥ ነበር የደፋሁት። ክሮሙን፣ ብረቱን፣ ሁሉንም። የዚያ ሲንክ ቧንቧ ወዴት እንደሚሄድ ለአንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ለዚህ ነው ለወንድማችን ሁለት ቀን መመለስ ያቃተኝ። እሱ በስልክ ታዞ፣ ሆዱ እያረረ ነው የከፈተው። እኔ ማንም ሳያዘኝ፣ እየተሳሳቅኩ ነው የደፋሁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ። አንዳንዶቻችሁ ይህን ጽሑፍ ስትጀምሩ «ዘርረህ» የምትለዋ የቁርኣን ቃል ናኖ ቴክኖሎጂን ከ1,400 ዓመት በፊት ተናግራለች እንድላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። አልልም። ሱረቱ ዘልዘላህ መጨረሻ ላይ የተነገረን፣ የብናኝ ክብደት ታህል መልካምም ክፉም የሠራ እንደሚያገኛት ነው። አያዋ ስለ ሒሳብ ነው። ቁርኣን የላብራቶሪ ማስታወቂያ እንዲሆን አልወረደም፤ ዛሬ የምናጨበጭብለት ግኝት ነገ ሲሻር አያውን አብረን እንዳናዋርድ እፈራለሁ። «ከዕፅዋት የተሠራ» የሚለውም ቃል አያታላችሁ። ከቅጠል የወጣ ቅንጣት ወንዝ ውስጥ ሲለቀቅ ዓሣውን ሊጎዳ ይችላል፤ የብር ቅንጣት ጀርም ይገድላል፣ ግን ውሃውን የሚያጠሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም አይለይም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብረታ ብረት በአላህ ፈቃድ የተፈጠረ ነገር ነው፤ አይጠፋም። ከውሃው ብታወጡት ወደ ጭቃው ይሄዳል። ጭቃውን የት እናድርገው? የሸይኻችን ጥያቄ አሁንም እዚያው ነው።

ይህን ስል ዕውቀቱን እያጣጣልኩ አይደለም። የሱዳን እናቶች የሽፈራውን ዘር ደቁሰው የደፈረሰ የዓባይ ውሃ ያጠሩበት ነበር፤ ዛፉን «የሚያጠራው ዛፍ» ብለው ነበር የሚጠሩት። ዘሩ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ደለሉን ሰብስቦ እንደሚያዘቅጠው ሳይንስ በኋላ አረጋገጠው። የጨርቅ ፋብሪካዎችን ቀለም በፀሐይ ብርሃን የሚሰባብሩ የዚንክ ኦክሳይድ ቅንጣቶችን ከቅጠል የሚሠሩ ወጣቶች በእኛም ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ከመካከላችሁ ይህን የምታጠኚ እህቴ፣ ቀጥዪበት፣ ኒያሽን አስተካክዪ፣ ዒባዳ ነው። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) ለሞቱት እናታቸው የትኛው ሰደቃ እንደሚበልጥ ሲጠይቁ የተመለሰላቸው ውሃ ነበር። ጄሪካኑን ግን አትርሺ። ከመጨረሻው መስመር አውጥተሽ ፊት ላይ ጻፊው።

የሞጆን ነገር ግን ናኖ አይጠብቅም። ሦስተኛውን ክሮም ለብቻ ለይቶ በኖራ ወይም በማግኒዚየም ኦክሳይድ ማዝቀጥ፣ አሟሙቶም መልሶ ለሥራ ማዋል ድሮ የታወቀ ነው። ሕጉም አለ፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው። ሳይንሱ ጠፍቶ፣ ሕጉ ጠፍቶ አይደለም ያ በር በዝናብ ማታ የሚከፈተው።

ሸይኻችንን ጠየቅኳቸው፤ አሁን አርጅተዋል፣ አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝምልን። ለወንድማችን የላኩለት መልስ ይህ ነው። ቆዳ ማልፋት ሐላል ሥራ ነው፤ ለፓምፑና ለመዝገቡ የምትወስደው ደሞዝም በሥራው ልክ ሐላል ነው። በሩን መክፈት ግን ሐራም ነው። ጉዳት ማድረስ በዲናችን የለም፤ ፈጣሪን በማመፅ ለፍጡር መታዘዝም የለም። «አለቃዬ አዘዘኝ» የሚለው ቃል እጅህን አያነጻም። መጥፎን ነገር በእጅ፣ ካልተቻለ በአንደበት፣ ካልተቻለ በልብ መለወጥ እንዳለ ታውቃለህ፤ አንተ ግን እጅህ ያለው በሩ ላይ ስለሆነ ልብህ ዘንድ ሮጠህ ለመደበቅ አትቸኩል። ከዚያ ለእኔ ብቻ ጨመሩልኝ፦ «ቤተሰብ የሚያስተዳድር ልጅ ነው። ሥራውን ቢያጣ አንተና ያንተ ተከታዮች ምን ታደርጉለታላችሁ? ይህን ሳትመልስ ፈትዋውን አትላክለት።»

ፈትዋውን ከመላኬ በፊት ደወልኩለት። እናቱንና ሁለት እህቶቹን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ሦስት ነገር ተነጋገርን። ትእዛዙ በስልክ ሲመጣ «በጽሑፍ ይላኩልኝ» እንዲል፤ መዝገቡ ላይ ያልሆነ ቁጥር እንዳይሞላ፤ ገንዳው ከመሙላቱ በፊት ቀድሞ ለአለቃው በጽሑፍ እንዲያሳውቅ። እኔ ደግሞ በሙያው ሌላ ሥራ የሚያውቅ ሰው እንድፈልግለት። ከእናንተ ውስጥ በውሃ ማጣሪያ፣ በጥራት ቁጥጥር፣ በላብራቶሪ የምትሠሩ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ደግሞ አረፋ ሲደርስ፣ የኡድሒያችሁን ቆዳ ለመድረሳ ወይም ለሚሰበስቡት ልጆች ስታስረክቡ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁ። ባለፉት ዓመታት ዋጋው ሲወርድ ቆዳው በየመንገዱ ተጥሎ ሲሸት አይተናል፤ ያም ሌላ ጥፋት ነው። ፋብሪካ ሲገባም፣ ውሃው የት እንደሚገባ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ቆዳው የእናንተ ቁርባን ነበረ።

ማክሰኞ ማታ ከባድ ዝናብ ዘነበ። ተኝቼ ነበር፣ ነቃሁ። ስልኬን አየሁት። ረቡዕ ጠዋት አንድ መስመር ላከልኝ፦ «ደወለ። በጽሑፍ ላኩልኝ አልኩት። ዘጋው።» ከዚያ በኋላ ምንም አልጻፈም።

ዛሬ ጁሙዓ ከዐስር በኋላ ያለችውን ሰዓት ታውቋታላችሁ። ዱዓችሁ ውስጥ አስገቡት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።